መዳንና ማመን በመጽሐፍ ቅዱስ፤ ስለ ሁለት ቃላት የተደረገ አጭር ጥናት

መግቢያ

በተማሪዎች መካከል በሃይማኖት ነገር ክርክር በተነሣ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ አይቀሩም። አንደኛው «ድነሃልን?» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ሰው የሚድነው በእምነት ነው ወይስ በሥራ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ ተማሪ እንደ ሰላምታ ያህል ለምዶታል። በሕፃንነቱ ተጠምቆ፣ ጾሞና ቆርቦ ያደገ ተማሪ ግን ጥያቄውን እንደ ስድብ ሊሰማው ይችላል፤ «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ነበርሁ?» ያሰኘዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የከበደ ነው፤ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናትን ከፍሏል፣ በእኛም ዘንድ በአንድ ማዕድ የሚበሉትን ወንድማማች አለያይቷል።

ክርክሩ በቃላት ብቻ የሚፈታ ነው አንልም። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ «መዳን» እና «ማመን» ሲሉ አንዱ አንድ ነገር፣ ሌላው ሌላ ነገር እያሰበ መሆኑን ብዙ ጊዜ እናያለን። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ቃላት በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳንና በግሪኩ አዲስ ኪዳን ምን ማለት እንደ ነበሩ፣ በግዕዝና በአማርኛም ምን መልክ እንደ ያዙ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። ከዚያም ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች እንመለሳለን።

1. መዳን በብሉይ ኪዳን

በዕብራይስጥ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው የመዳን ቃል «ያሻዕ» ከሚባለው ሥር የወጣ ነው። «የሹዓ» ማለት ማዳን፣ «ሞሺያዕ» ማለትም አዳኝ ከዚሁ ይገኛሉ። የኢያሱ፣ የኢሳይያስና የሆሴዕ ስሞች የዚህ ሥር ልጆች ናቸው። «ኢየሱስ» የሚለውም ስም በዕብራይስጥ «ኢያሱ» ከሚለው ጋር አንድ ስለ ሆነ፣ ማቴዎስ በወንጌሉ መጀመሪያ (1፥21) ስሙን የሚፈታው ሕዝቡን ከኃጢአታቸው ከማዳን ጋር አያይዞ ነው።

በብሉይ ኪዳን ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ከሚታይና ከሚዳሰስ አደጋ መውጣትን ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 14 እስራኤል በፊታቸው ባሕር፣ በኋላቸው የፈርዖን ሠረገሎች ነበሩባቸው፤ እግዚአብሔር አዳናቸው የተባለውም ከዚህ ጭንቅ በመውጣታቸው ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 3 ጎቶንያልና ናዖድ ሕዝቡን ከባዕድ ገዥ ስላስጣሉ አዳኞች ተብለዋል። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 14 የቴቁሔ ሴት በንጉሥ ዳዊት ፊት ተደፍታ የጮኸችው በዚሁ ቃል ነው፤ በአገራችን ተበዳይ በዳኛ ወይም በንጉሥ ፊት «አቤት» እያለ ይጮኽ እንደ ነበረ ማለት ነው። ይኸው የአቤቱታ ቃል በመዝሙር 118 (በግዕዙ ቍጥር 117) ወደ እግዚአብሔር ይቀርባል፤ ከዚያም በግሪክ በኩል አልፎ ወደ እኛ «ሆሣዕና» ሆኖ ደርሷል። እንግዲህ በየዓመቱ ዘንባባ ይዘን ሆሣዕና ስንል፣ ምናልባት ሳናስተውለው፣ «አድነን» እያልን አቤት ማለታችን ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ሦስት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ መዳን ካለ አስቀድሞ እውነተኛ አደጋ አለ፤ ከምንም የሚዳን የለም። ሁለተኛ፣ የሚድነው ሰው ራሱን ለማውጣት ዐቅም ያጣ ስለ ሆነ አዳኝ ከውጭ ይመጣለታል። ሦስተኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚድነው ሕዝብ ወይም ቤተሰብ ነው፤ አንድ ነፍስ ብቻዋን ተነጥላ አይደለም።

ነቢያት ይህን ትርጉም እያሰፉት ሄደዋል። ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተማረከ በኋላ ሕዝቅኤል (36፥29) የሚናገረው ከርኵሰት ስለ ማዳን ነው። እዚህ ላይ አደጋው በሰው ልብ ውስጥ የተቀመጠ ኃጢአት ሆነ ማለት ነው። ሆኖም ነቢዩ በዚያው ቍጥር እህል እንደሚበዛና ረኃብ እንደሚቀር ይጨምራል። ለእርሱ የልብ መንጻትና የጐተራ መሙላት የተለያዩ ሁለት መጻሕፍት አልነበሩም፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተገናኝተዋል።

2. መዳን በአዲስ ኪዳንና በእኛ ቋንቋ

የአዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች የተጠቀሙበት የግሪክ ግሥ «ሶዞ» ሲሆን ስሙ «ሶቴሪያ» ነው። ይህ ግሥ ከሞት መትረፍን፣ ከደዌ መፈወስንና ከኃጢአት መዳንን ያለ ልዩነት ይገልጻል። በማርቆስ ምዕራፍ 5 ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት የጌታን ልብስ ነክታ ተፈወሰች። በሉቃስ ምዕራፍ 7 በከተማው ኃጢአተኛ የተባለችው ሴት በእንባዋ እግሩን አርሳ ስርየትን አገኘች። አንዷ የታመመችው በሥጋ ነው፤ የሌላዪቱ ሸክም በደል ነው። ጌታ ግን እምነታቸው እንዳዳናቸው ለሁለቱም የነገራቸው በአንድ ዐይነት ቃል ነው። አንዳንድ የአውሮፓ ቋንቋዎች ትርጕሞች በአንደኛው ስፍራ «ፈወሰሽ» በሌላው ስፍራ «አዳነሽ» የሚል ስሜት ባላቸው በሁለት ቃላት ይለያዩታል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ቃሉ እንደ ግሪኩ አንድ ነው።

ሉቃስ በሁለቱም መጻሕፍቱ ይህን የቃሉን ስፋት ሆነ ብሎ የሚጠቀምበት ይመስላል። በወንጌሉ ምዕራፍ 17 ከለምጽ የነጹት ዐሥር ናቸው፤ መዳኑ የተነገረው ግን ተመልሶ ላመሰገነው ለአንዱ ሳምራዊ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ጴጥሮስ ስለ አንድ ሽባ መፈወስ ሲመረመር፣ ሰውየው በምን እንደ ዳነ ከተናገረ በኋላ በዚያው ቃል መዳን በሌላ በማንም እንደማይገኝ ወደ መመስከር ይሻገራል። በምዕራፍ 27 ደግሞ ጳውሎስ በማዕበል በተያዘችው መርከብ ላይ ሳለ፣ መርከበኞቹ ካመለጡ ሌሎቹ እንደማይድኑ ይናገራል፤ እህል ቀምሰው እንዲበረቱ ሲለምናቸውም ምግቡ ለመዳናቸው መሆኑን በዚሁ «ሶቴሪያ» በሚለው ቃል ይገልጽላቸዋል። ይህ ሁሉ ቃሉ ከሥጋና ከኑሮ ያልተለየ መሆኑን ያሳያል።

ወደ ቋንቋችን ስንመጣ የግዕዙ «ድኅነ» እና የአማርኛው «ዳነ» ከግሪኩ ጋር በሚያስደንቅ ሁኔታ ይስማማሉ። በሽተኛ ይድናል፤ ከጥይት ያመለጠ ይድናል፤ ኃጢአተኛም ይድናል። በግዕዝ «መድኃኒት» የሚለው ቃል መዳንን ሲያመለክት፣ በአማርኛ ከመድኃኒት ቤት የምንገዛው ፈውስ ስም ሆኗል። የቤተ ክርስቲያን ስም «መድኃኔ ዓለም»፣ ንብረቱን ከአደጋ ለመጠበቅ ሰው የሚገባው «መድን»፣ ጠዋት ስንገናኝ የምንለዋወጠው «ደኅና አደርህ» ሁሉ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። በነገራችን ላይ የፊደል ጥንቃቄ እዚህ ላይ ዋጋ አለው፤ በብዙኀኑ «ኅ» የሚጻፈው «ድኅነት» መዳን ሲሆን፣ በሃሌታው «ህ» የሚጻፈው «ድህነት» ማጣት ነውና። ሁለቱ ሲነገሩ ስለሚቀራረቡ ብዙ ጸሐፊዎች «መዳን» ወይም «ደኅንነት» ማለትን ይመርጣሉ።

እንግዲህ አንድ ሰው መዳንን ከሞት በኋላ ወደ ሰማይ መግባት ብቻ አድርጎ ቢያስተምር፣ ከመጽሐፉም ከገዛ ቋንቋውም ያነሰ ነገር ማስተማሩ ነው። በአንጻሩም መዳንን የኑሮ መሻሻል ብቻ የሚያደርገው፣ ጌታ ሽባውን ከማስነሣቱ በፊት ስለ ኃጢአቱ ስርየት መናገሩን (ማርቆስ 2) ይዘነጋል።

3. ማመን፤ መደገፍና መጽናት

የእምነት ቃል ከመዳን ቃል ይልቅ ለእኛ የቀረበ ነው፤ ሥሩ የጋራ ነውና። በዕብራይስጥ «አ-መ-ነ» የሚለው ሥር በግዕዝ «አምነ»፣ በአማርኛም «አመነ» ሆኖ ይገኛል። «አሜን»፣ «እውነት» የሚል ትርጉም ያለው የግዕዙ «አማን»፣ «ታማኝ»፣ «መተማመን» ሁሉ ከዚህ የመጡ ናቸው። «ሃይማኖት» የሚለውም ቃል የዚሁ ሥር ነው፤ የሴማውያን ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ቃሉ ወደ ግዕዝ የገባው ከአራማይስጥ መሆኑን ይናገራሉ።

የሥሩ መነሻ ሐሳብ ጽናት ነው። ለዚህም ግሩም ምሳሌ በዘጸአት 17 ይገኛል። እስራኤል ከአማሌቅ ጋር ሲዋጉ የሙሴ እጆች ስለ ደከሙ፣ አሮንና ሖር በግራና በቀኝ ደገፏቸው፤ ፀሐይ እስክትገባም እጆቹ ጸንተው ቆዩ። እዚህ ላይ ጽናታቸውን የሚገልጸው ቃል «ኤሙና» ነው፤ ይኸውም በሌላ ስፍራ እምነት ወይም ታማኝነት ተብሎ የሚተረጐመው ቃል ነው። እጅ ሐሳብ የለውም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ «ኤሙና» አንድን ትምህርት በአእምሮ መቀበል ሊሆን አይችልም። ሳይዝሉ መቆየት ነው።

ነቢዩ ኢሳይያስ በዚህ ሥር የተጫወተበት ስፍራ ደግሞ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ734 ዓመት ገደማ የሶርያ ንጉሥ ረአሶንና የእስራኤል ንጉሥ ፋቁሔ በኢየሩሳሌም ላይ ተነሡ። የይሁዳ ንጉሥ አካዝ በፍርሃት ተናወጠ። ነቢዩ (7፥9) አካዝንና ሰዎቹን ሲያስጠነቅቅ አንዱን ሥር ሁለት ጊዜ በተለያየ መልክ ይጠቀምበታል፤ ካልተደገፉ መጽናት እንደማይችሉ ይነግራቸዋል። አካዝ ግን በአሦር ንጉሥ በቴልጌልቴልፌልሶር ላይ መደገፍን መረጠ፤ ከቤተ መቅደሱና ከቤተ መንግሥቱ ብርና ወርቅ ወስዶ ላከለት (2ኛ ነገሥት 16)። አካዝ እግዚአብሔር መኖሩን እንደ ካደ መጽሐፉ አይነግረንም። የጐደለው በጭንቅ ቀን ክብደቱን በማን ላይ እንደሚያሳርፍ ነው።

የግሪኩ «ፒስቲስ» ቃልም ሁለቱን ወገን ይይዛል፤ ማመንም ታማኝነትም ነው። ጳውሎስ በሮሜ 3፥3 ስለ እግዚአብሔር «ፒስቲስ» ሲናገር የእግዚአብሔርን ታማኝነት ማለቱ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ዕንባቆም በ2፥4 ስለ ጻድቅ ሕይወት የተናገረው ቃል በዕብራይስጡ «ኤሙና» ሲሆን፣ ጳውሎስ በሮሜና በገላትያ መልእክቶቹ በ«ፒስቲስ» ጠቅሶታል። በአማርኛ «እግዚአብሔር እንዳለ አምናለሁ» ማለትና «እግዚአብሔርን አምነዋለሁ» ማለት አንድ አይደሉም። በመንገድ ላይ የሚያገኘንን ሰው ሁሉ መኖሩን እናምናለን፤ አደራ የምንሰጠው ግን ለምናምነው ሰው ብቻ ነው። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥12 የሚገኘው የእምነት ምስክርነት በዚህ በአደራ ምሳሌ የተገለጸ መሆኑ ለአገራችን ሰው ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም። አደራ ሰጪው ከእንግዲህ ንብረቱ በእጁ የለም፤ ያለው የአደራ ተቀባዩ ታማኝነት ነው።

4. «በእምነት ወይስ በሥራ?»

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን። ጳውሎስ በሮሜ 3፥28 ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት እንደሚጸድቅ ያስተምራል። ያዕቆብ በ2፥24 ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንደሚጸድቅ ይናገራል። ማርቲን ሉተር በ1522 እ.ኤ.አ. አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ሲተረጕም በሮሜ 3፥28 ላይ በግሪኩ የሌለውን «ብቻ» የሚለውን ቃል ጨመረ፤ በዚያው ዓመት በጻፈው መቅድምም የያዕቆብን መልእክት ከገለባ ጋር አመሳሰለ። በ1547 እ.ኤ.አ. የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ጉባኤ ስለ ጽድቅ የራሷን ውሳኔ ሰጠች። ክፍፍሉ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የሉተራውያን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በአውግስቡርግ ከተማ ስለ ጽድቅ ትምህርት የጋራ መግለጫ ፈረሙ፤ ሜቶዲስቶች በ2006፣ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናትም በ2017 ከመግለጫው ጋር መስማማታቸውን ገለጹ።

ጳውሎስና ያዕቆብ በእውነት ይጋጫሉን? በመጀመሪያ ጳውሎስ የሚነቅፈው ሥራ የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በገላትያ ምዕራፍ 2 ክርክሩ የተነሣው በአንጾኪያ ነው፤ ጴጥሮስ ካልተገረዙት አሕዛብ ጋር ይበላ ከነበረበት ማዕድ ራሱን ሲለይ ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃወመው። «የሕግ ሥራ» የተባለውም ከዚህ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ከተገኙት ጽሑፎች አንዱ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በሙሉ የታተመው፣ ይህንኑ «የሕግ ሥራ» የሚለውን አነጋገር በዕብራይስጥ ይዞ ተገኝቷል፤ የሚናገረውም ስለ መሥዋዕት፣ ስለ ንጽሕናና ስለ መሳሰሉት ሥርዓቶች ነው። ኢ. ፒ. ሳንደርስ የተባለው ሊቅም በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዚያ ዘመን አይሁድ ሕግን የሚጠብቁት መዳንን ለመግዛት ሳይሆን አስቀድሞ በተሰጣቸው ቃል ኪዳን ጸንተው ለመኖር እንደ ነበረ አስረድቷል። ሊቃውንት በዚህ ላይ ዛሬም ይከራከራሉ። ቢሆንም ጳውሎስ ለተራቈተ ማልበስን ወይም ለተራበ ማጉረስን እንዳልነቀፈ ማንም አይጠራጠርም።

ቀጥሎ ያዕቆብ የሚነቅፈው እምነት የትኛው ነው? በ2፥19 አጋንንት እንኳ እግዚአብሔር አንድ መሆኑን አምነው እንደሚንቀጠቀጡ ይናገራል። ይህ «እንዳለ ማመን» ነው እንጂ አደራ መስጠት አይደለም። ከዚያ በፊት ያለው ምሳሌው ደግሞ ዕራቁቱን ለቆመ ወንድም ልብስ ሳይሰጡ «በደኅና ሂድ» ብሎ ስለ ማሰናበት ነው። ከላይ እንዳየነው «ደኅና» ራሱ የመዳን ቃል ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ምሳሌው ይበልጥ ያማል። የደኅንነትን ቃል በአፍ ሰጥቶ ደኅንነቱን በእጅ መከልከል ነውና።

ሁለቱም ሐዋርያት ምስክር አድርገው የሚጠሩት አብርሃምን ነው፤ ሁለቱም ዘፍጥረት 15፥6ን ይጠቅሳሉ። ጳውሎስ የሚያተኩረው አብርሃም ገና ልጅ ሳይወልድና ሳይገረዝ ተስፋውን በተቀበለበት ሌሊት ላይ ነው። ያዕቆብ ግን ወደ ምዕራፍ 22 ሄዶ ይስሐቅን ወደ መሠዊያ ያወጣበትን ቀን ያሳየናል። አንዱ የእምነትን መነሻ፣ ሌላው የእምነትን መድረሻ ይመለከታል፤ መንገደኛው ግን አንድ አብርሃም ነው። ጳውሎስም ራሱ በገላትያ 5፥6 የሚረባው በፍቅር የሚሠራ እምነት መሆኑን መስክሯል።

የነገሩን ቅደም ተከተል ከሁሉ በግልጥ የሚያሳየው ግን ኦሪት ዘጸአት ይመስለናል። በምዕራፍ 14፥30 እግዚአብሔር እስራኤልን አዳነ፤ በቍጥር 31 ሕዝቡ አመኑ፤ ዐሥርቱ ትእዛዛት የተሰጡት ከዚያ በኋላ በምዕራፍ 20 ነው። ትእዛዛቱም የሚጀምሩት ከግብጽ የወጡበትን ማዳን በማስታወስ ነው። ሕጉን ፈጽመው እንዲድኑ ሕጉ በግብጽ አልተሰጣቸውም፤ ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላም ያለ ሕግ አልተተዉም። ማዳን፣ ማመንና መታዘዝ በዚህ ተራ ሲቆሙ አንዱ ሌላውን አያባርርም።

5. «ድነሃልን?»

ለመጀመሪያው ጥያቄም አዲስ ኪዳን የሚሰጠው መልስ ከአንድ የግሥ ጊዜ በላይ ነው። በኤፌሶን 2፥8 መዳን የተፈጸመ ነገር ሆኖ ይነገራል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18 ምእመናን በመዳን ላይ ያሉ ሆነው ይገለጻሉ። በሮሜ 5፥9 ደግሞ ገና ወደ ፊት የሚጠበቅ ነው፤ በ13፥11ም ካመንንበት ቀን ይልቅ መዳናችን እንደ ቀረበ ተጽፏል። በፊልጵስዩስ 2፥12 ምእመናን መዳናቸውን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ እንዲፈጽሙ ይታዘዛሉ፤ ወዲያው በቍጥር 13 በእነርሱ የሚሠራው እግዚአብሔር መሆኑ ይነገራቸዋል።

«ዳንሁ» የሚለው ተማሪ የመጀመሪያውን ጊዜ ይዟል፤ ልክ ነው። «እድን ዘንድ እጾማለሁ፣ እጸልያለሁ» የሚለው ደግሞ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይዟል፤ እርሱም ልክ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው አንዱ የራሱን ጊዜ ብቻ ይዞ የሌላውን እንደ ክሕደት ሲቈጥር ነው። ከሐኪም ቤት የወጣ ሕመምተኛ ድኛለሁ ይላል፤ መድኃኒቱን ግን ገና ይውጣል፤ ሙሉ ጤንነቱንም ይጠባበቃል። ማንም እርስ በርሱ ተቃረነ አይለውም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለውን ባጭሩ ለመሰብሰብ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ መዳን ማለት ራሱን ማውጣት የማይችል ሰው ወይም ሕዝብ በሌላ ኀይል ከእውነተኛ አደጋ መውጣቱ ነው፤ ሥጋንም ነፍስንም፣ ቤትንም አገርንም ይነካል። ማመን ደግሞ በዚያ አዳኝ ላይ መደገፍና እንደ ሙሴ እጆች ጸንቶ መቆየት ነው። እንዲህ ከተረዳነው የእምነትና የሥራ ጠብ ብዙ ኀይሉን ያጣል፤ የተደገፈ ሰው ይጸናል፣ የጸና ሰውም ሥራው ይታያል።

የዘኬዎስ ታሪክ (ሉቃስ 19) ይህን ሁሉ በጥቂት ቍጥሮች ይዟል። ቀራጩ ጌታን በደስታ ተቀበለ፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሊሰጥ፣ የቀማውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ፤ ጌታም መዳን በዚያን ቀን ለዚያ ቤት እንደ ሆነለት ተናገረ። በዚያ ቤት በእምነት ይሁን በሥራ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በደጅ ቆመው ያጕረመረሙት ጌታ ከኃጢአተኛ ቤት መግባቱን የነቀፉት ናቸው። የተቀማው ገንዘብ የተመለሰላቸው የኢያሪኮ ድሆች ግን የዘኬዎስ እምነት ምን ዐይነት እንደ ነበረ ከሁሉ ቀድመው ሳያውቁ አልቀሩም።